ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ፦ የተመልካቹ አድናቆትና ቅሬታ ከየት ይመነጫል?

ባሕር ዳር፦ ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ሰዎች በር ላይ ቆም ብለው ሲጨዋወቱ ከፊልሙ ታሪክ ባልተናነሰ ስለ አዳራሹም ያወራሉ። አንዱ የድምፁን ጥራት ያደንቃል፤ ሌላው ጆሮውን እንዳመመው ይናገራል። አንዷ የስሪዲ መነጽር አድርጋ ያየችውን ትንግርት ትተርካለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ምስሉ ጨልሞባት መነጽሩን ስታደርግና ስታወልቅ እንዳመሸች ታነሣለች። የተመለከቱት ፊልም አንድ ነው፤ የተቀመጡትም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የየሰው ምርጫ ብቻ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ሊለካና ሊታረም የሚችል ምክንያት አለው።

የገጠር ጉዳይ ዘጋቢ ስለ ሲኒማ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጽሑፉ ወደ ማብቂያው ሲደርስ አርሶ አደሩም ተመልካች ሆኖ ስለሚመጣ እስከዚያ በትዕግሥት ይከተሉን። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ብቻ አይደለም። በክልል ከተሞች ትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች እየተገነቡ ነው። ከፎቆቹ በአንዱ ሲኒማ ይግባ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ በስክሪኑ ስፋትና በመቀመጫው ብዛት ላይ ያተኩራል። ተመልካቾች በተግባር የሚያደንቁትና የሚያማርሩበት ነገር ግን በአብዛኛው ከተገዛው ዕቃ ይልቅ ዕቃውን ከሚያሠራው ሰው፣ ከኤሌክትሪኩና ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቀደምት ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየት ለዚያ ዘመን ነዋሪ ምን ዓይነት ስሜት እንደሰጠው ከስሙ መገመት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የመጡት አምባሳደር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒርና ሲኒማ ራስ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ አንድ ስክሪን፣ በአንድ ሰዓት አንድ ፊልም። በጎንደር ፒያሳም በጣልያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች መካከል የሲኒማ አዳራሽ ይገኝበታል። በ1957 ዓ.ም ለዕይታ የበቃውን የመጀመሪያውን ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን የተመለከተው ትውልድ ሲኒማን የሚያውቀው በዚህ መልኩ ነው። ፊልሙን ያልወደደ ሰው ያለው ምርጫ ወደ ቤቱ መመለስ ብቻ ነበር።

ባለ ብዙ አዳራሽ አሠራር የመጣው ለተመልካቹ አማራጭ ከመስጠት ይልቅ ወጪን ከመቀነስ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታንሊ ደርዉድ የተባለ አሜሪካዊ ባለ ሲኒማ በካንሳስ ሲቲ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለት አዳራሾችን ጎን ለጎን ከፈተ። አንዱ 400፣ ሌላው 300 መቀመጫ ነበራቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለቱን አዳራሾች አንድ መግቢያ፣ አንድ ትኬት ቆራጭ፣ አንድ የፈንዲሻ መሸጫና አንድ የፊልም ማሳያ ክፍል ሊያገለግሏቸው ይችላሉ። አንዱ ፊልም ተመልካች ቢያጣ ሌላው ያካክሳል። ሰብል አሰባጥሮ የሚዘራ አርሶ አደር ይህን ስሌት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ በብራስልስ 25 አዳራሾችን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ ሲኒማ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በመላው ዓለም ተስፋፋ። በአዲስ አበባም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚገኘው ኤድና ሞል የባለ ብዙ አዳራሹንና የስሪዲውን ልምድ ለከተማዋ ተመልካች አስተዋውቋል።

ተመልካቹ ከዚህ ለውጥ ያገኘው ግልጽ ነው። ሰዓቱንና ፊልሙን ይመርጣል። ልጆቹን ወደ አንዱ አዳራሽ አስገብቶ እርሱ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ከፊት የተቀመጠ ሰው እንዳይጋርድ ወንበሮቹ በደረጃ ከፍ እያሉ ስለሚሄዱ የረጃጅሞች ፀጉር የሚታይበት ዘመንም አልፏል። የጎደለውን ደግሞ በትልልቆቹ አዳራሾች ያደጉ ሰዎች ያነሡታል። ብዙ መቶ ሰው በአንድነት ሲስቅ የሚፈጠረው ስሜት 80 መቀመጫ ባለው ክፍል ውስጥ አይገኝም። በተለይ የአማርኛ አስቂኝ ፊልም የሕዝቡን ብዛት ይፈልጋል፤ ሳቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባልና።

የአዳራሾቹን መብዛት ይበልጥ ያቀለለው ከፕላስቲክ ፊልም ወደ ዲጂታል የተደረገው ሽግግር ነው። የቀድሞው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በየሰከንዱ 24 ፎቶዎችን ያሳልፍ ነበር። የሁለት ሰዓት ፊልም ቢዘረጋ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እያንዳንዱ ጥቅል የሚበቃው ለ20 ደቂቃ ያህል ስለነበር አንድ ፊልም በስድስት ወይም በሰባት ጥቅል ተከፋፍሎ፣ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ እየመዘነ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዝ ነበር። በተጓዘ ቁጥር ይጫጫራል፤ ይበጠሳል፤ ተቆርጦ ይቀጠላል። አዲስ አበባ ላይ ከርሞ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ቅጂ ሲደርስ «ዝናብ የሚዘንብበት» ፊልም ሆኖ መገኘቱ የማይቀር ነበር። የክፍለ ሀገር ተመልካች ሁልጊዜ የሚያየው የዋና ከተማውን ትራፊ ነበር ማለት ይቻላል።

ዲጂታሉ ይህን አስቀርቷል። ታላላቆቹ የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የጋራ መስፈርት መሠረት ፊልሙ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ፣ ወይም በሳተላይትና በኢንተርኔት ተልኮ ይደርሳል። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል። ሺህ ጊዜ ቢታይም አይጫጫርም። በመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ የሚታየውና በዓመቱ ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ሊታይ የሚችለው ቅጂ በጥራት አንድ ናቸው።

ይሁን እንጂ ዲስኩ ብቻውን አይከፈትም። ፊልሙ በምሥጢር ቁልፍ የተቆለፈ ሲሆን፣ ቁልፉ የሚሠራው ለአንድ ለተመዘገበ መሣሪያ፣ ከተወሰነ ቀን እስከ ተወሰነ ቀን ብቻ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ በሌላ ቢተካ ወይም ቁልፉ ዘግይቶ ቢላክ አዳራሹ ሞልቶ እያለ ፊልሙ አይጀምርም። ተመልካቹ በር ላይ ቆሞ «ማሽኑ እንቢ አለ» ሲባል የሚሰማው አንዳንድ ጊዜ ይህን ነው። ዓላማው ሕገ ወጥ ቅጂን መከላከል ነው። መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከአከፋፋዩ ርቆ የሚገኝ አዳራሽ ከቅርቡ ይልቅ ይጎዳል።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ቅሬታዎች በብዛት የሚነሡት ከዚህ ላይ ነው።

ለተለመደው ፊልም የተቀመጠው የብርሃን መጠን በስክሪኑ መሐል 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። ቁጥሩን ማስታወስ አያስፈልግም። የሚጠቅመው ለስሪዲ ፊልም የተቀመጠው መጠን 15 ካንዴላ ገደማ፣ ማለትም ከሦስት አንድ እጅ ያህል ብቻ መሆኑን ማወቅ ነው። ምክንያቱ የአሠራሩ ባሕርይ ነው። ስሪዲ ለቀኝና ለግራ ዓይን የተለያየ ምስል ያሳያል። በተለመደው ዘዴ አንድ ፕሮጀክተር ሁለቱን ምስሎች በሰከንድ 144 ጊዜ እያፈራረቀ ይልካል፤ መነጽሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱን ምስል ብቻ ያሳልፋል። ከፕሮጀክተሩ ፊት ያለው ማጣሪያም ሆነ መነጽሩ ብርሃን ይውጣሉ። ስለዚህ «ጨለመብኝ» ያለችው ተመልካች ዓይኗ አልደከመም፤ በትክክል አይታለች። የፊልሙ ታሪክ በሌሊት ወይም በዋሻ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 «አቫታር» ከወጣ በኋላ ስሪዲ የሲኒማ የወደፊት ዕጣ ነው ተብሎ ነበር። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ግን በቀጣዩ ዓመት በኒውስዊክ መጽሔት ላይ ተቃውሞውን በግልጽ ጻፈ። የሰው አእምሮ ጠፍጣፋ ምስል አይቶም ርቀትን ይረዳል፤ ምስሉ ይጨልማል፤ ተመልካቹም ላልጠየቀው ነገር ተጨማሪ ይከፍላል የሚሉት ከመከራከሪያዎቹ ዋነኞቹ ነበሩ። ዕውቁ የፊልም አርታዒ ዋልተር መርች ደግሞ ለኢበርት በላከው ደብዳቤ ሌላ ምክንያት ጨመረ። ዓይናችን አንድን ነገር ሲያይ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ሁለቱ ብሌኖች ወደ ነገሩ ይዞራሉ፤ ሌንሳቸውም በነገሩ ርቀት ልክ ይስተካከላል። በተፈጥሮ ሁለቱ ርቀቶች ምንጊዜም አንድ ናቸው። በስሪዲ ግን ብሌኖቹ ወደ ተመልካቹ «ወደሚመጣው» ወፍ ሲዞሩ ሌንሱ 20 ሜትር ርቆ ከሚገኘው ስክሪን ላይ እንደተተከለ መቆየት አለበት። ከፊልሙ በኋላ ራሳቸውን እንዳመማቸው የሚናገሩ ሰዎች ቅሬታ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በአሜሪካ የስሪዲ ገበያ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት በኋላ እየቀዘቀዘ መጥቷል። በእኔ ግምት በክልል ከተማ አዳራሽ የሚከፍት ሰው ለስሪዲ የሚያወጣውን ገንዘብ ለድምፅ መከላከያ ግድግዳ ቢያውለው ይሻለዋል።

ጭለማው ግን ሁልጊዜ የቴክኖሎጂው ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ በከተማዋ አዳራሾች ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር ዘገበ። አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች የስሪዲውን ሌንስ ሳያነሡ ተራ ፊልም ያሳዩ ነበር። ሌንሱን መለወጥ ጊዜና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ በባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ደግሞ ወጪ የተቀነሰው ከዚህ ሰው ላይ ነው። ውጤቱም መነጽር ያላደረገ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ተመልካች ደብዛዛ ምስል ሲያይ ማምሸቱ ነበር። አብዛኛው ሰው አላማረረም። እንዲህ መሆን ያለበት መስሎታል።

በግብርና ኮሌጅ ስንማር አንድ መምህራችን የመስኖ ፓምፕ ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ማሳው መጨረሻ ላይ በሚደርሰው ውኃ ነው ይሉን ነበር። ለፕሮጀክተርም ይኸው ይሠራል። «ፎር ኬ» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት አዳራሽ መብራቱ ያረጀ፣ ስክሪኑ አቧራ የጠጣ ከሆነ 4096 በ2160 ነጥብ ያለው ምስል ቢልክም ተመልካቹ ጋር የሚደርሰው ሌላ ነው። በርቀት ለተቀመጠ ሰው በ«ቱ ኬ» እና በ«ፎር ኬ» መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። የብርሃኑ ልዩነት ግን ከመጨረሻው ወንበርም ይታያል።

መብራቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀደምቶቹ ዲጂታል ፕሮጀክተሮች የሚጠቀሙት የዜኖን አምፖል ሲሆን፣ እንደ መጠኑ ከ500 እስከ 2000 ሰዓት ያገለግላል። ኃይለኛ ሙቀት ስለሚያመነጭ ከጠፋ በኋላም ማቀዝቀዣው ለተወሰነ ጊዜ መሥራት ይኖርበታል። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ማራገቢያውም አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። አዲሱ የሌዘር ፕሮጀክተር 20 ሺህ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ብርሃኑም እየደከመ የሚሄደው በዝግታ ነው። የመግዣ ዋጋው ግን ይከብዳል። መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞቻችን የትኛው ያዋጣል የሚለው ጥያቄ በመግዣ ዋጋ ብቻ ሊመለስ አይችልም። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ መሣሪያውን የሚያቆይ የባትሪ መጠባበቂያ በዕቅዱ ውስጥ የሌለበት ሲኒማ ቤት የጎደለው ነገር የሚታወቀው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ነው።

አዲስ ነገር ሁሉ በተመልካች ዘንድ ይወደዳል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ሆቢት» የተሰኘው ፊልም ከተለመደው 24 ይልቅ በሰከንድ 48 ምስል እንዲታይ ሆኖ ወጣ። በቁጥር ሲታይ መሻሻል ነው፤ እንቅስቃሴው ጠርቷል። ብዙ ተመልካቾች ግን ፊልሙ የቴሌቪዥን ድራማ መሰላቸው፤ አልባሳቱና የተሠራው መንደር ሐሰተኝነታቸው ጎልቶ ወጣባቸው። ጥራት ሲጨምር እምነት የሚቀንስበት አጋጣሚ እንዳለ ይህ ያሳያል።

ድምፅን በተመለከተ የሚሰማው ቅሬታ ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው፦ «በጣም ይጮኻል» እና «ንግግሩ አይሰማም»። ሁለቱም በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ምሽት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በብዙ ሲኒማ ቤቶች የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ «7» የሚለው ቁጥር ፊልሙ በስቱዲዮ የተቀናበረበትን መጠን ያመለክታል። የፍንዳታው ድምፅ በዚህ መጠን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይከብዳል። ተመልካች ሲያማርር ኦፕሬተሩ ወደ 5 ወይም ወደ 4 ያወርደዋል። ያን ጊዜ ፍንዳታው ይለዝባል፤ ሹክሹክታው ግን ጨርሶ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተዋወቀው ዶልቢ አትሞስ በጣሪያው ላይ ጭምር ድምፅ ማጉያዎችን አስቀምጦ እስከ 64 በሚደርሱ መስመሮች ድምፁን ያከፋፍላል፤ ዝናቡ ከላይ፣ መኪናው ከጎን እንዲሰማ ያደርጋል። ያየውም የሰማውም ሰው ያደንቀዋል። ሆኖም ንግግርን የሚያጠራው የማጉያዎቹ ብዛት ሳይሆን የግድግዳውና የጣሪያው አሠራር ነው። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ የሚመለሰው ድምፅ ከአዲሱ ቃል ጋር ይደባለቃል።

በባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ደግሞ ጎረቤት አለ። ወፍራም ድምፅ በቀላሉ ግድግዳ ያልፋል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ አዳራሽ ውስጥ እናት ልጇን የምትቀብርበትን ትዕይንት ስመለከት፣ ከጎን ካለው ክፍል የሚመጣው የጦር ሜዳ ጩኸት ወንበሬን ያነቃንቀው ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ በአዳራሾቹ መካከል ክፍተት ትቶ ሁለት የማይነካኩ ግድግዳዎችን ማቆም ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሊታሰብ የሚችል ነገር ስላልሆነ ሲኒማውን በፎቅ ላይ «እናስገባዋለን» የሚሉ ባለሀብቶች አርክቴክቱን አስቀድመው ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

የት ልቀመጥ ለሚለው ጥያቄም መልስ አለ። በሙያው የተለመደው መመዘኛ ስክሪኑ ከመጨረሻው ወንበር ሲታይ ቢያንስ 30 ዲግሪ የሚሆነውን የዕይታ ማዕዘን እንዲሞላ ይፈልጋል። በቀላል አነጋገር ስክሪኑ 10 ሜትር ቢሰፋ ከ19 ሜትር በላይ ርቆ መቀመጥ ገንዘብን ማባከን ነው። ብዙ ሰው ከኋላ መቀመጥን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። ይሁንና ድምፁ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛውን መንገድ ከሄዱ በኋላ መሐል ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። በረድፉ ጫፍ ለተቀመጠ ሰው የአንዱ ወገን ማጉያ ጎልቶ ይሰማዋል። ስሪዲም ከጎን ሲታይ ይዛባል።

ስለ ዋጋው ረጅም ነገር ማለት አያስፈልግም። የፈንዲሻና የለስላሳ ዋጋ የሚንረው ሲኒማ ቤቱ ከትኬቱ የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ ነው። የውጭ ታላላቅ ፊልሞች በሚወጡባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አከፋፋዩ ከትኬቱ ግማሹንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ አዳራሹ በፈንዲሻ ይተዳደራል።

ይልቅስ ብዙም የማይነሣ አንድ ነገር አለ፤ ቋንቋ። በከተማዎቹ ዘመናዊ አዳራሾች የሚታዩት የውጭ ፊልሞች በአብዛኛው ያለ አማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ነው የሚቀርቡት። በፕላስቲክ ፊልም ዘመን ለዚህ በቂ ምክንያት ነበር፤ ጽሑፉ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ መቀረጽ ስለነበረበት ውድ ነበር። በዲጂታሉ ግን የግርጌ ጽሑፍ ከምስሉ የተለየ ትንሽ ፋይል ነው። አንዱን ቅጂ ዛሬ በአማርኛ፣ ነገ በአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ማሳየት ቴክኒካዊ እንቅፋት የለበትም። የሚያስፈልገው ተርጓሚ፣ የባለቤቱ ፈቃድና ጥያቄውን የሚያነሣ ባለ አዳራሽ ነው። በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች «ትርጉም ፊልም» ለምን ተመልካች እንደበዛለት የሚያስብ ሰው የገበያውን ምልክት ማንበብ ይችላል። ከአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ሁሉ ለእኛ ተመልካች ትልቁን ልዩነት ሊያመጣ የሚችለው ይህ ማንም ማስታወቂያ ያልሠራለት ትንሽ ፋይል ነው ብዬ አምናለሁ።

የአገር ውስጥ ፊልሞችስ? በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» በጠለፋ ላይ የሚያጠነጥን የገጠር ታሪክ ነው። በቀጣዩ ዓመት በካን ፌስቲቫል የታየው «ዳንግሌ» ደግሞ የአንድ ልጅና የበጉ ታሪክ ሲሆን የተቀረጸው በደጋማው የአገራችን ክፍል ነው። የገጠሩ ሕይወት በዓለም ምርጥ አዳራሾች ታይቷል። ታሪኩ የእርሱ የሆነው ሕዝብ ግን በወረዳው ከተማ ይህን ፊልም በደህና ምስልና በደህና ድምፅ የሚያይበት ቦታ የለውም። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ በአሜሪካ አከፋፋይ ሲያጣ አዳራሽ እየተከራየ ለሕዝብ አሳይቶታል። ይህ ዘዴ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በባሕር ዳር የሚገኘውን የሙሉዓለም የባህል ማዕከል የመሳሰሉ አዳራሾች አሉ። ለቴአትርና ለስብሰባ የተሠራ አዳራሽ በተገቢው ፕሮጀክተር፣ በወፍራም መጋረጃና በሠለጠነ ኦፕሬተር በሳምንት ሁለት ምሽት ሲኒማ ሊሆን ይችላል።

አርሶ አደሩም ተመልካች ሆኖ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ የተጀመረውና በአገራችንም ከግብርና ባለሙያዎች ጋር የሚሠራው ዲጂታል ግሪን የተባለ ድርጅት በቦርሳ በሚያዝና በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለአርሶ አደሮች ፊልም ያሳያል። በፊልሙ የሚታዩት በመስመር መዝራትን ወይም የማዳበሪያ አጠቃቀምን የሚያሳዩ የአካባቢው አርሶ አደሮች ናቸው። በዚህ ሥራ የታየ አንድ ነገር አለ። ፊልሙን ያዩ አርሶ አደሮች ቀድመው የሚጠይቁት በምስሉ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነና ከየትኛው መንደር እንደመጣ ነው። ስለ ምስሉ ጥራት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ደብዛዛ ቢሆንም የጎረቤት ቀበሌ ሰው መሆኑን ካወቁ ፊልሙን ያምኑታል።

ከዚህ ተነሥቶ ለክልል ከተማ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ አሥር ስክሪን ያለው ሕንፃ ቅድሚያ አያሻውም። ከ100 እስከ 150 መቀመጫ ያላቸው ሁለት አዳራሾች፣ በመካከላቸው ድርብ ግድግዳ፣ ሌዘር ፕሮጀክተር፣ የባትሪ መጠባበቂያ፣ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የማሳየት ልምድና ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ኦፕሬተሮች ቢኖሩት አብዛኛውን የተመልካች ቅሬታ ከመነሻው ያስቀራል። ኦፕሬተሮቹ ሁለት የሆኑት አንዱ ሲታመም አዳራሹ እንዳይዘጋ ነው። በየወረዳው በመለዋወጫና በባለሙያ እጥረት የቆሙ የእርሻ መሣሪያዎችን ያየ ሰው ይህን ዝርዝር ከመግዣው ዋጋ ጋር አብሮ ይጽፋል።

እስከዚያ ወደ ሲኒማ የሚሄድ አንባቢ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። ምስሉ ከጨለመ፣ ከስክሪኑ ወጥቶ ከታየ ወይም ንግግሩ ካልተሰማ ፊልሙ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ለአስተናጋጁ መንገር ያስፈልጋል። በብዙ ዘመናዊ አዳራሾች በማሳያው ክፍል ውስጥ ሰው የለም፤ ፊልሙ የሚጀምረው በተሞላ ሰዓት በራሱ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ያለውን ችግር የሚያየው ተመልካቹ ብቻ ነው።